አዲስ ምጣድ ከሐሳብ እስከ ገበያ፦ ፓተንት እንዴት ይጠየቃል፣ ምርቱስ እንዴት ይሸጣል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ መሃሉ እያረረ ጠርዙ ጥሬ የሚቀርበትን ችግር ፈትተዋል እንበል። ከሸክላው ሥር አንድ ረጅም ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ አንዱን ለመሃል፣ አንዱን ለዙሪያ አድርገው ሁለት ማሞቂያ ዘረጉ፤ ለእያንዳንዱ የሙቀት መለኪያ ሰጡት፤ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ደግሞ ሁለቱን እያመዛዘነ ኃይል ያካፍላል። ይህን ምሳሌ ይዘን እስከ ገበያው እንሄዳለን። ጤፍ መውቂያ ወይም የውኃ መሳቢያ ለሠራም ሰው መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መጻፍ

ብዙ ሰው ከሐሳቡ ቀጥታ ወደ ፓተንት ማመልከቻ ይሮጣል፤ ፓተንት ሌላ ሰው ፈጠራዎን ሳያስፈቅድ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ለተወሰነ ዓመት የሚከለክል መብት ነው። ያልተለካ ፈጠራ ግን ማመልከቻውን የሚመዝነው የፓተንት መርማሪ ፊት ሲቀርብ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራ ናሙና ይሥሩ፤ ማማሩ የኋላ ጉዳይ ነው።

የምሳሌያችን ምጣድ ስፋት 58 ሴንቲሜትር ነው። መሃሉን እስከ 36 ሴንቲሜትር ድረስ አንደኛው ማሞቂያ ይይዛል፤ የቀረውን ዙሪያ ሁለተኛው። ጠቅላላ ኃይሉ 3,500 ዋት ቢሆን ለመሃሉ 1,200፣ ለዙሪያው 2,300 እንመድባለን። ይህ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ሲታሰብ ለመሃሉ 1.18 ዋት፣ ለዙሪያው 1.42 ዋት ገደማ ነው። ጠርዙ በጎን በኩል ሙቀት ስለሚያመልጠው ይህ ብልጫ ያስፈልገዋል። የሽቦው መከላከያ (ሬዚስታንስ) የሚገኘው ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለዋቱ በማካፈል ነው፤ በ220 ቮልት ለመሃሉ 40.3 ኦም፣ ለዙሪያው 21 ኦም ይሆናል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ ወደ 16 አምፔር ይስባሉ፤ ስለዚህ ለ10 አምፔር የተሠራ ሶኬትና ገመድ አይበቃም፣ ይቀልጣል።

ከዚያ ይጋግሩ። አዲስ ሸክላ መጀመሪያ በዝግታ ሞቆ መሟሸት አለበት፤ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል ከተለቀቀበት ውስጡ ያለው እርጥበት በእንፋሎት ሲወጣ ይሰነጥቀዋል። ምጣዱ ሲደርስ አምስት ቦታ ላይ፣ ማለትም መሃሉና አራት ጠርዞች ላይ፣ ሙቀቱን ይለኩ። ሠላሳ እንጀራ በተከታታይ ጋግረው የእያንዳንዱን ደቂቃ፣ የፈጀውን ኪሎዋት ሰዓትና ስንቱ እንደተበላሸ ይመዝግቡ። ያንኑ ሊጥ በተለመደው ባለ አንድ ሽቦ ምጣድም ይጋግሩና ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉ። ቀኑን አይርሱ፤ ገጹ ላይ ይፈርሙ፤ ሥራውን የሚረዳና ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ምስክር ሆኖ ይፈርም። ይህ መዝገብ በኋላ ወሳኝ ቦታ ላይ ይመጣል።

አስቀድሞ የተሠራውን መፈለግ

በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ «እንጀራ» ብሎ ፈልጎ ምንም ያላገኘ ሰው «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ይላል። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ምጣድ ለፓተንት መርማሪ «ስስ ሊጥ የሚጋገርበት ጠፍጣፋ የሚሞቅ ሳህን» ነው። ስለዚህ የሚፈለገው በፈረንሳይ ክሬፕ፣ በሜክሲኮ ቶርቲያ፣ በህንድ ዶሳና ሮቲ መጋገሪያዎች ውስጥ ነው። ህንዳውያን የዶሳ መጋገሪያ ላይ፣ ፈረንሳዮች የክሬፕ መጋገሪያ ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ የሙቀት እኩልነት ለእነሱም ያው ራስ ምታት ነው።

ጎግል ፓተንትስ፣ የአውሮፓው ኢስፔስኔትና የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ ሦስቱም በነጻ ይሠራሉ። በቃል ብቻ አይፈልጉ። ፓተንቶች ሁሉ በዓለም አቀፍ የምደባ ቁጥር ይደረደራሉ፤ ለምጣድ የሚጠቅሙት ኤ47ጄ 37 (የቤት መጥበሻና መጋገሪያ)፣ ኤ21ቢ (የዳቦና የመሰል መጋገሪያ ምድጃ) እና ኤች05ቢ 3 (በኤሌክትሪክ መከላከያ ማሞቅ) ናቸው። አንድ የሚቀርብ ፓተንት ሲያገኙ እርሱ የጠቀሳቸውንና እርሱን የጠቀሱትን ተከትለው ይሂዱ፤ ጥሩ ፍለጋ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። የቆየና ጊዜው ያለፈበት ፓተንትም አዲስነትን ያፈርሳል፤ ጊዜው ማለፉ ማንም እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል እንጂ ሐሳቡን ዳግም አዲስ አያደርገውም።

ለእኛ ምጣድ ፍለጋው የሚያወጣውን አስቀድመን እናውቃለን። ባለ ሁለት ቀለበት ማሞቂያ በኤሌክትሪክ ምድጃዎች ላይ ከታየ ሰንብቷል። ስለዚህ «ሁለት ማሞቂያ አለው» ማለት ብቻውን ፓተንት አያሰጥም። አዲስ ሊሆን የሚችለው ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ መለካቱና በልዩነታቸው መሠረት ኃይሉን ማካፈሉ ነው። ይህን ማወቅ ማመልከቻውን እንዴት እንደምንጽፍ ይወስናል።

ማንን ማሳየት፣ መቼ ማሳየት

ኤግዚቢሽን ላይ ማቅረብ፣ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ ለአንድ ነጋዴ እንኳ ያለ ምስጢር ውል መሸጥ ፈጠራውን «ለሕዝብ የታወቀ» ያደርገዋል። የኢትዮጵያ አዋጅ ከማመልከቻው ቀን በፊት ባሉት 12 ወራት አመልካቹ ራሱ የገለጠውን አይቆጥርበትም፤ የአሜሪካ ሕግም የአንድ ዓመት ፋታ ይሰጣል። በአውሮፓ ግን ይህ ፋታ የለም ማለት ይቻላል፦ ትናንት የለቀቁት ቪዲዮ የዛሬውን ማመልከቻ ይገድለዋል። ስለዚህ ፋታው ለአደጋ ጊዜ ይቀመጥ፤ ዕቅድ አይሁን። መጀመሪያ ያመልክቱ፣ በማግስቱ ያሳዩ።

ሸክላ ሠሪው፣ ብየዳ ቤቱና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ናሙናውን ማየታቸው ግድ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ የምስጢር ጥበቃ ውል ያስፈርሙ፤ ምን እንደሚታይ፣ ለምን ዓላማ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍበት። ሥራውን ይከፋፍሉትም፤ ሸክላ ሠሪው መቆጣጠሪያውን ማየት አያስፈልገውም።

የፈጣሪነት ጥያቄም እዚህ ላይ ይፈታ። ገንዘብ ያዋጣ ዘመድ ወይም የታዘዘውን የበየደ ሠራተኛ ፈጣሪ አይደለም፤ ፈጣሪ የሚባለው ለመፍትሔው ሐሳብ ያዋጣ ነው። ሠራተኛ ከሆኑ የሥራ ውልዎን አስቀድመው ያንብቡ። በመሥሪያ ቤት መሣሪያና ቁሳቁስ የተሠራ ፈጠራ የአሠሪውን መብት ይዞ ይመጣል፤ ይህ ከተሸጠ በኋላ ሲነሣ መራራ ነው።

የትኛው ጥበቃ?

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ፓተንት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ በዓለም ደረጃ አዲስ መሆን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ ፈጠራዊ ብልሃት መያዝ፣ በኢንዱስትሪ መሠራት መቻል። ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። የግልጋሎት ሞዴል ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ ነው፤ ፈጠራዊ ብልሃቱ አይጠየቅም፣ አዲስነቱም የሚለካው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ 5 ዓመት ይቆያል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ መልክን ብቻ ይጠብቃል፤ የአክንባሎው ቅርጽ ወይም የእግሩ አሠራር የተለየ ከሆነ ለ5 ዓመት፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ይራዘማል። አራተኛም አለ፦ በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠበትን፣ እዚህ ግን ያልተጠየቀበትን ሥራ ወደ አገር ለሚያስገባ የሚሰጠው የአስገቢ ፓተንት። ከ10 ዓመት አይበልጥም፣ በሥራ ካልዋለም ይቀራል።

ለምጣዳችን ምክራችን ይህ ነው። የሙከራ መዝገቡ ከተለመደው ምጣድ ጋር ሲተያይ ትልቅ ልዩነት ካሳየ ፓተንት ይጠይቁ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በግልጋሎት ሞዴል ማፈር አይገባም፤ አምስት ዓመት ብቻውን ገበያ ላይ መቆየት ለአንድ አነስተኛ አምራች ብዙ ነው።

ሶፍትዌር ለብቻው፣ የንግድ ዘዴ፣ የሂሳብ ቀመር፣ የሕክምና ዘዴ፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያ በዚህ አዋጅ ፓተንት አያገኙም። መቆጣጠሪያው የሚሠራበትን ፕሮግራም ብቻ ይዘው አይቅረቡ፤ ምጣዱን ከነመቆጣጠሪያው ያቅርቡ።

የመብት ጥያቄው፦ ሥራው ሁሉ ያለበት ክፍል

ማመልከቻው የጥያቄ ቅጽ፣ መግለጫ፣ የመብት ጥያቄ (የሚጠየቀውን ጥበቃ ወሰን የሚያስቀምጠው ክፍል)፣ ሥዕልና አጭር ማጠቃለያ አለው። መግለጫው አንድ ባለሙያ አንብቦት ምጣዱን መሥራት እስኪችል ድረስ ዝርዝር መሆን አለበት። ከላይ ያሰላነው ዋትና ኦም፣ የሸክላው ውፍረት፣ ሽቦው የሚቀበርበት ቦይ ጥልቀት፣ መቆጣጠሪያው በስንት ዲግሪ ልዩነት ኃይል እንደሚቀንስ ሁሉም ይግባ። አማራጮችንም ይጻፉ፤ ሸክላ በብረት ወይም በሴራሚክ ቢተካስ? ቀለበቶቹ ሦስት ቢሆኑስ? ካመለከቱ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር አይቻልም፤ የዘለሉት ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል።

የመብት ጥያቄው ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው። ሊቀዳ የሚመጣ ሰው መብትዎን ደፈረ የሚባለው በአንዱ የመብት ጥያቄ ውስጥ የተዘረዘረውን እያንዳንዱን ነገር ሲጠቀም ነው። ስለዚህ የሚጨምሩት ቃል ሁሉ ለቀጂው የሚከፈት በር ነው። ይህን ይመልከቱ፦

«58 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከሸክላ የተሠራ፣ ሁለት የኒክሮም ሽቦ ያለው፣ በ220 ቮልት የሚሠራና ቀይ መብራት ያለው የእንጀራ ምጣድ።»

ቀጂው 56 ሴንቲሜትር አድርጎ ይሠራል፣ ወይም መብራቱን አረንጓዴ ያደርጋል፤ አለቀ። ደግሞ ዋናው ብልሃት፣ ማመዛዘኑ፣ ውስጡ የለም። እንዲህ ይሁን፦

«1. ስስ ሊጥ መጋገሪያ፣ የሚከተሉትን ያካተተ፦ ሀ) የላይ ፊቱ ሊጥ የሚፈስበት ሳህን፤ ለ) የሳህኑን መሃል የሚያሞቅ አንደኛ ማሞቂያ፤ ሐ) አንደኛውን ከብቦ የሳህኑን ዙሪያ የሚያሞቅ ሁለተኛ ማሞቂያ፤ መ) የመሃሉንና የዙሪያውን ሙቀት ለየብቻ የሚለኩ ቢያንስ ሁለት መለኪያዎች፤ ሠ) በሁለቱ ልኬቶች ልዩነት መሠረት ቢያንስ የአንዱን ማሞቂያ ኃይል የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ።»

ከዚህ በኋላ እየጠበቡ የሚሄዱ ተከታይ ጥያቄዎች ይመጣሉ፦ «2. በ1 የተጠቀሰው መጋገሪያ፣ ሳህኑ ሸክላ የሆነ።» «3. በ1 ወይም በ2 የተጠቀሰው፣ የሁለተኛው ማሞቂያ ኃይል በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ከአንደኛው ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚበልጥ።» መርማሪው ሰፊውን ቢጥል ጠባቡ ይተርፋል። «ወይም» የሚለውን፣ «ቢያንስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይመዝኑ፤ «የተሻለ»፣ «ጥሩ»፣ «ቀልጣፋ» የሚሉ ቃላት ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ወሰን አያሰምሩምና።

መርማሪው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «ባለ ሁለት ቀለበት ምድጃ አለ፤ የሙቀት መለኪያም አለ፤ ሁለቱን ማገናኘት ለባለሙያ ግልጽ ነው።» ያ የሙከራ መዝገብ የሚወጣው አሁን ነው። ሁለቱን ማገናኘት ያልተጠበቀ ውጤት ካመጣ፣ ለምሳሌ የተበላሸው እንጀራ ቀንሶ የፈጀውም ኪሎዋት ሰዓት ከቀነሰ፣ ሠንጠረዡ በመግለጫው ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ክርክሩን ይለውጠዋል።

አቅም ካለዎት ለሌላው ሁሉ ቆጥበው ለመብት ጥያቄው ክፍል ባለሙያ ይክፈሉ። ባለሙያው የጻፈውን ይዘው ራስዎን እንደ ቀጂ አድርገው ይቀመጡ፦ «ይህን እንዴት አልፌ እሄዳለሁ?» መንገድ ካገኙ ይመልሱለት።

በአሜሪካ ለሚኖሩ

የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ሀበሻ በብዛት በሚኖርበት በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ማመልከቻው ግን ፓተንት ሴንተር በተባለው የኢንተርኔት መግቢያ ይገባል። ርካሹ መነሻ ጊዜያዊ ማመልከቻ ነው። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ታሪፍ ለትልቅ ድርጅት 325፣ ለአነስተኛ 130፣ ለጥቃቅን አመልካች 65 ዶላር ነው። ጥቃቅን ለመባል ገቢዎ በየዓመቱ ከሚወሰነው ጣሪያ በታች መሆንና ከዚህ በፊት ፈጣሪ ሆነው የተጠቀሱባቸው መደበኛ ማመልከቻዎች ከአራት አለመብለጥ አለባቸው። የመደበኛው ማመልከቻ የማስገቢያ፣ የፍለጋና የምርመራ ክፍያ ለጥቃቅን አመልካች በጠቅላላው 400 ዶላር ገደማ ነው።

ጊዜያዊው ማመልከቻ አይመረመርም፣ አይታተምም፣ በ12 ወር ይሞታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መደበኛው ካልገባ ያስያዙት የማመልከቻ ቀን ይጠፋል። ሁለት ገጽ ጽፈው «በኋላ አሰፋዋለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቀኑ የሚጠቅመው ግን በዚያ ቀን ለተጻፈው ብቻ ነው። ጊዜያዊውን እንደ ሙሉው ይጻፉት። ከዚህ በኋላ ምርቱ ላይ «ፓተንት ተጠይቋል» ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ ሳያመለክቱ መጻፍ ግን ሕገወጥ ነው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረን ነገር መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ማስመዝገብ ከፈለጉ አስቀድሞ ከአሜሪካ ጽሕፈት ቤት የውጭ ማመልከቻ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከተላከ የአሜሪካው ፓተንት ሊፈርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጓደኛ ጋር የጋራ ባለቤት ሲሆኑ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ አንዱ ሌላውን ሳያስፈቅድና ትርፍ ሳያካፍል መሥራትና መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት የጋራ ውል ይፈረም። ሦስተኛ፣ «ፈጠራዎን እናስተዋውቅልዎ» የሚሉ ድርጅቶች። ሕጉ ውል ከመፈረሙ በፊት ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ፈጠራ እንደገመገሙ፣ ስንት ደንበኛ እንደያዙ፣ ስንቱ ከከፈለው በላይ እንዳገኘና ስንቱ የፈቃድ ውል እንደፈረመ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያስገድዳቸዋል። ያንን ወረቀት ይጠይቁ፤ ካልሰጡ ተነሥተው ይሂዱ።

ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ በ3.5፣ በ7.5 እና በ11.5 ዓመት የማቆያ ክፍያ አለ። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ነው። ብዙ ጥሩ ፓተንት የሚሞተው በተረሳ ክፍያ ነው፤ ቀኑን ሁለት ሰው ይያዘው።

ገበያው

ምርቱ ሒሳብ ካልያዘ ፓተንቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ነው። ወጪውን ሲያሰሉ ብልሽትን አይርሱ፤ ከ100 ሸክላ 12ቱ በመተኮስ ወይም በማሟሸት ላይ ቢሰነጠቅ የደህናው የእያንዳንዱ ዋጋ በ13.6 በመቶ ይጨምራል። ቁሳቁስ፣ ጉልበት፣ ብልሽትና የዋስትና ጥገና ተደምሮ 100 ብር ነው እንበል። የአምራች ትርፍ 30 ቢጨመር 130፣ ባለሱቁ 25 በመቶ ሲጨምር 162.50፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲመጣ ወደ 187 ብር ይደርሳል። ገዢው የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ከተለመደው ምጣድ ያለውን ልዩነት በስንት ወር የመብራት ሒሳብ እንደሚመልሰው ማሳየት ካልቻሉ፣ የመቆጣጠሪያውን ወጪ እንደገና ይቀንሱ።

መጀመሪያ 10 ምጣድ ሠርተው እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ እናቶች ያውሱ። በቀን ብዙ ስለሚጋግሩ አንድ ቤት በዓመት የሚያየውን ብልሽት በሁለት ወር ያሳዩዎታል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ሙቀት የሚችል ሴራሚክ ማያያዣ ይሁን። ማሰሻው የሚተወው ዘይት ወደ መለኪያው እንዳይንጠባጠብም ይከልሉት።

ለውጭ ገበያ ሲያስቡ ስፋቱን ከኃይሉ ጋር ያስተያዩ። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት በ15 አምፔር፣ ማለትም ቢበዛ 1,800 ዋት ነው፤ ለሰዓታት ለሚሠራ ዕቃ 1,500 አካባቢ ይሻላል። ይህ ኃይል 58 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር 0.57 ዋት ብቻ ይደርሰዋል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። 40 ሴንቲሜትር ላይ ግን 1.19 ዋት ይሆናል፤ እዚያ የሚሸጡት ምጣዶች ትንንሽ የሆኑት ለዚህ ነው። ትላልቅ መደብሮች እውቅና ያለው ላቦራቶሪ የደኅንነት ምልክት ያላተመበትን የኤሌክትሪክ ዕቃ አይቀበሉም፤ አውሮፓ ደግሞ የሲኢ ምልክት ይጠይቃል። ስሙንም ለብቻ በንግድ ምልክት ያስመዝግቡ፤ በኢትዮጵያ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

ራስዎ ማምረት ካልፈለጉ ለአንድ ፋብሪካ ፈቃድ ይስጡ። የቤት ዕቃ ላይ የሚከፈለው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከተጣራ ሽያጭ ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው። ክርክር የሚያመጣው «የተጣራ» የሚለው ቃል ነው፤ ምን እንደሚቀነስ (ታክስ፣ ተመላሽ ዕቃ) አንድ በአንድ ይዘርዘር። ብቸኛ ፈቃድ ከሰጡ ዝቅተኛ የዓመት ክፍያና የምርት መጀመሪያ ቀን ይኑረው፤ ለምሳሌ በ12 ወር ውስጥ የመጀመሪያው 500 ምጣድ ካልተሸጠ ብቸኝነቱ እንዲነሣና ለሌላ አምራች መስጠት እንዲችሉ። የሽያጭ መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ በሒሳብ አዋቂ የማስመርመር መብትም ውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ ጉድለቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ የምርመራው ወጪ በፋብሪካው ላይ ይሁን።